ከጀርባዬ ሁለት ጊዜ የተቀዳው ውሃ

ይህን የምጽፈው ሐኪም «ከጀርባሽ ፈሳሽ ተወስዶ ይመርመር» ብሏቸው፣ ፈርተው ወይም ተከልክለው ቤት ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ከእኔ ሁለት ጊዜ ተወስዷል። የመጀመሪያው የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ሁለተኛው ከበደኝ፤ ምክንያቱን ስደርስበት እናገራለሁ። ብዙ ቃል የለኝም፤ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

የምኖረው ዲላ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ተስፋዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ስለሆነ በቡና ወቅት ከአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራል። ጌታ ናታንና ሩት የሚባሉ ሁለት ልጆች ሰጥቶናል፤ ስሙ ይመስገን።

በሽታው የጀመረኝ በዓይኔ ነው። የተማሪዎች ደብተር ሳርም ቀዩ እስክሪብቶ ደበዘዘብኝ። ቀለሙ አልቆ ነው ብዬ ሌላ አነሳሁ፤ ያው ነው። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ ሳይ ቀዩ የጡብ መልክ ያዘ፤ ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳይ ቀይ ነው። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ከውስጥ ያመኛል። የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ፤ መነጽር ታዘዘልኝ፤ መነጽሩ ምንም አልጨመረልኝም። ሌላ ክሊኒክ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ዓይንንና ታይፎይድን ምን እንዳገናኛቸው ብጠይቅ ክኒኑን የሰጠኝ ልጅ «ታይፎይድ የማይገባበት የለም» አለኝ። ክኒኑን ጨረስኩ። ከሳምንታት በኋላ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ክኒኑ ያዳነኝ መስሎኝ ረሳሁት።

ዝናቡ አልፎ ቡና መለቀም ሲጀምር ደግሞ እግሬ ደነዘዘ። ከጣቶቼ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ሆዴ ላይ ሲደርስ በጠባብ ቀበቶ የታሰርኩ ያህል ጨመቀኝ። አንድ ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በአንድ ጫማ ሄጃለሁ። ያየው ዘበኛው ነው።

«መምህርት፣ አዲስ ፋሽን ነው?» አለኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። አንዱ እግሬ ባዶውን ነው፤ መሬቱ አልተሰማኝም። እሱ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ጫማዬን ባጃጆቹ መቆሚያ ጋ አገኘሁት። ክፍል ገብቼ ግን በየመሃሉ ጎንበስ እያልኩ ጫማዬ እግሬ ላይ መኖሩን አይ ነበር።

ሪህ ነው ተባልኩ። የነርቭ ቪታሚን ነው የሚሉትን ቀይ መርፌ ተወጋሁ። አንድ ወጌሻ ወገቤን አሸልኝ፤ እጁ መልካም ነበር፣ በሽታው ግን እዚያ አልነበረም። ተስፋዬ ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ። ስለ ገንዘብ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ከሁሉ ግራ ያጋባኝ ጸሎት ላይ የሚሆነው ነው። አንገቴን ለጸሎት በደፋሁ ቁጥር ከማጅራቴ እስከ ተረከዜ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ቀና ስል ይተወኛል። በመዘምራን አጠገቤ ለምትቆመው ለጓደኛዬ ለብርቱካን ነገርኳት።

«እኔ ስንት ጾም ጸሎት ይዤ አንድ ቀን እንኳ ነዝሮኝ አያውቅም» አለች። «አንቺ ገና አንገትሽን ስትደፊ?»

«ብርቱካን፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ? ቀንቼ ነው።»

ሌሎች ግን አልቀለዱም። ግማሾቹ መንፈስ ቅዱስ ነው አሉ፤ ግማሾቹ ሌላ መንፈስ ነው አሉ። ነርቭ ነው ያለ አልነበረም።

አንድ እሑድ አዳራሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይዋ በርትታለች። ቆመን ስንዘምር መጀመሪያ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፤ ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ሰዎች ከበውኝ እጅ ጫኑብኝ። «ውጣ! ልቀቃት!» የሚል ድምፅ ከላዬ እሰማለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ የማን እጅ የት እንዳለ ሁሉ አውቃለሁ። እግሬ ብቻ አልታዘዝ አለኝ። ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡኝ፤ ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር አስተኙኝ፤ ውሃ አርከፈከፉብኝ፤ በነጠላ አራገቡልኝ። ትንሽ ቆይቶ እግሬ ተመለሰ፤ ተነሳሁ። ወደ ውስጥ አስገብተው ማይክ አስያዙኝ።

በእኛ ዘንድ ከጌታ የተቀበለ ሰው በጉባኤ ፊት ይመሰክራል። እኔም «ወድቄ ነበር፤ ቆሜአለሁ፤ ስሙ ይባረክ» አልኩ። ያልኩት እውነት ነው። ነገር ግን ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው የባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ ደርሶ «የተስፋዬ ሚስት ነፃ ወጣች፣ ፈጽማ ተፈወሰች» ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ መታመም ራሱ ከባድ ሆነ። ግድግዳ ይዤ ስራመድ ያየኝ ሰው «መስክረሽ አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። «ፈውስሽን በአፍሽ አታፍርሺው» ይሉኛል። እኔ ግን ልጆች አሉኝ። በእግሬ ያለውን ነገር በዝምታ ማባረር እንደማይቻል ገባኝ። የከተማችን ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ ውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫረው። አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ ላይ ተነሳ። የሐኪሙ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሐዋሳ ወዳለ የነርቭ ሐኪም ላከኝ።

ሐዋሳ ተራ ስንጠብቅ ብዙ ቀን አለፈ። ኤም አር አይ የሚባለው፣ ሰውን እንደ ዋሻ ውጦ አንጎልንና አከርካሪን የሚያነሳው ማሽንም ተራ ነበረው። የመጠበቂያው ወንበር ያደነዘዘኝን በሽታው ካደነዘዘኝ መለየት አልቻልኩም። በመጨረሻ ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች።

«አንጎልዎና ሕብለ ሰረሰርዎ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ» አለችኝ። «ዓይንዎን አሞዎት ያውቃል?»

ዓይኔን ከእግሬ ጋር አያይዞ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ነገርኳት። አንገቴን ስደፋ ስለሚወርደውም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ሲሞቅዎትስ ይብስብዎታል?»

ያን እሑድ ተረኩላት።

«የተጎዳ ነርቭ ሲሞቅ ሥራው ይስተጓጎላል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል» አለች።

«እንግዲያው ክፉ መንፈስ አልነበረም?»

«ስለ መንፈስ አልተማርኩም። ስለ ሙቀቱ ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ጥላ ሥር ያስተኙኝ ሰዎች ሳያውቁት የሚያስፈልገኝን አድርገውልኛል ማለት ነው። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የጠረጠረችው በሽታ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቮች ልባስ ያጠቃል። ተስፋዬ ይህን ሲሰማ «ሽቦው ተልጦ ሾርት እያደረገ ነው በሉኛ» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «እኔ አገር ለአገር ማሽን ስጠግን ለካ የተበላሸው ቤቴ ነው» አለ። ያን ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ነገር ግን ሐኪሟ እርግጠኛ አልነበረችም። ሳንባ ነቀርሳም አንጎልና አከርካሪ ውስጥ ገብቶ እንዲህ ሊያስመስል ይችላል አለች፤ ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ከታችኛው ጀርባዬ ጥቂት ፈሳሽ ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል።

«ብንተወውስ?» አለ ተስፋዬ።

«ሌላ ጥቃት ይመጣል። ዓይኗን ይሁን እግሯን አላውቅም። ከዚያ ምን ያህሉ እንደሚመለስላትም አላውቅም።»

በባለቤቴ ቤት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከማድረጉ በፊት ታላቅ ይጠየቃል። ተስፋዬ ለታላቅ ወንድሙ ለጋሽ በራሶ ደወለ። በማግስቱ ከፍስሐ ገነት ሐዋሳ ድረስ መጡ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«የናታን እናት» አሉኝ፣ «ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው አይነሳም። ይህን ልጅም ያውቀዋል።»

«ሰውነት መልሶ ይተካዋል ብላለች ሐኪሟ፣ ጋሼ።»

«ደግሞስ በጉባኤ ፊት መስክረሻል። ዛሬ በሽታ ፈልጉልኝ ብለሽ ብትሄጂ ምን ይባላል?»

«ታመመች ይባላል።»

ተስፋዬ መሬት መሬቱን ያያል። ጋሽ በራሶ ድምፃቸው ወረደ። «የእኔን ልጅ ታውቂያለሽ» አሉ።

አውቃለሁ። የበኩር ልጃቸው ትኩሳት ይዞት፣ አንገቱ ደርቆ ሆስፒታል ገባ፤ ከጀርባው ፈሳሽ ወሰዱለት፤ በማግስቱ አረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት መርፌው ከገዳይ ሌላ ስም የለውም።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ» አልኩ። «እኔ ግን አልተውም።»

ነርሷ የስምምነት ወረቀት ይዛ መጥታ ለተስፋዬ ዘረጋችለት። ተስፋዬ ወንድሙን አየ። ጋሽ በራሶ ሌላ ወገን ተመለከቱ። ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩት።

«ጀርባው የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ጋሽ በራሶ ሳይሰናበቱ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ያልታወቀ ነገር ነውና የሚያስፈራው። በጎኔ ተኛሁ። ጉልበቴን ወደ ሆዴ፣ አገጬን ወደ ደረቴ አጠፍኩ። ነርሷ እንደ እህት አቅፋ ያዘችኝ። ጀርባዬን ቀዝቃዛ ነገር ቀቡት፤ ማደንዘዣው ነከሰኝ። ከዚያ ትልቁ መርፌ ሲገባ ግፊት ተሰማኝ፤ አንዴ አንድ እግሬን ነዘረኝ፤ አበቃ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ስለሆነ አይነካውም ብላኛለች ሐኪሟ። የእኛን ሰው ሁሉ ያስፈራው ውሃ በትንንሽ ብልቃጥ ተንጠባጥቦ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። በዚያው ሰዓት ከክንዴም ደም ወሰዱ።

በማግስቱ ራሴን አመመኝ፤ ቀና ስል ይፈልጠኛል፤ ስተኛ ይሻለኛል። ይህ በብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ ያልፋል፤ አትደንግጡ። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ቡናም ይረዳል ተባልኩ። ብርቱካን በስልክ ስነግራት «የጌዴኦ ሰው ሁሉ የሚጠጣውን ለአንቺ ብቻ በሐኪም ትእዛዝ?» አለች። አጠገቤ ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሜን ሳትጠይቅ የቡላ ገንፎ ሠርታ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያን ገንፎ አልረሳውም።

የመጀመሪያው ውጤት ቶሎ ደረሰ። ነቀርሳም ሌላ ኢንፌክሽንም አልተገኘም። ስለዚህ እብጠት የሚያጠፋ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ቀበቶው ላላ። እግሬ መሬቱን ማወቅ ጀመረ። ዲላ ተመልሼ ማስተማር ጀመርኩ። የፈሳሹ ሌላኛው ምርመራ ግን እዚህ ስለማይሠራ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሐኪሟ ደወለች። ከጀርባ ፈሳሹ ጋር የተላከው ደም በመንገድ ተበላሽቷል።

«ፈሳሹ ደርሶ የለም?» አልኳት።

«ደርሷል። ግን ብቻውን አይናገርም። በሽታው ይህ ከሆነ ፈሳሹ ውስጥ መስመር መስመር ሠርተው የሚታዩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ደም ውስጥ የሉም። ደሙን ጎን ለጎን ካላየን መስመሩ ከየት እንደመጣ አናውቅም። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ የተወሰዱ መሆን አለባቸው።»

«እንደገና ጀርባዬ?»

«እንደገና። ይቅርታ።»

ሁለተኛው ከባድ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። የታመመ ሰው ሲወጋ ሕመሙ ይገፋዋል። እኔ በዚያን ጊዜ ደህና እራመድ ነበር። ሰው ሁሉ ተዪው አለኝ። የጸሎት ቡድናችን መሪ፣ የማከብራቸው እናት ናቸው፣ ቤቴ መጥተው «ልጄ፣ ቆመሻል። ለምን ጌታን ትፈትኛለሽ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ፈውሶኝ ከሆነ ምርመራው ያሳያል። ካልሆነም ያሳያል» አልኳቸው። «እሱ ምርመራ አይፈራም።»

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከዚያ ጸልየውልኝ ሄዱ።

ሐኪሟ ይህ በሽታ እየሄደ እንደሚመለስ ነግራኛለች። ዓይኔ ተመልሶልኝ ነበር፤ ከዚያ እግሬን ያዘኝ። ቆሜ እያለሁ ካላወቅሁት ወድቄ ላውቀው ነው። በሁለት እግሬ ወደ መርፌው ሄድኩ። ተስፋዬ በዚህኛው ጊዜ ወንድሙን አልጠየቀም፤ ቀኑን ነገራቸው ብቻ። በቤታችን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በጠዋት ዲላ መናኸሪያ ስንደርስ ጋሽ በራሶ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

«ሊያስቀሩኝ መጡ?» አልኩ።

«አንቺን የሚያስቀር ገና አልተወለደም» አሉ። «ሐኪሟን የምጠይቃት አለኝ።»

መንገዱን በሙሉ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው በመስኮት ያዩ ነበር። ሐዋሳ ሐኪሟ ፊት ቆመው፣ ተቀመጡ ብትላቸውም ሳይቀመጡ፣ «ልጄን የገደለው ይህ መርፌ ነው ወይ?» አሏት።

እሷ አልቸኮለችም። ምን እንዳመመው፣ ስንት ቀን ቤት እንደቆየ ጠየቀች። ነገሯት።

«እዚያ አልነበርኩምና ሁሉን ላውቅ አልችልም» አለች። «የሚነግሩኝ ግን ማጅራት ገትር ይመስላል። ፈሳሹን የወሰዱት የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጡት ለማወቅ ነው። መርፌው አልገደለውም፣ አባቴ። ልጁ ጊዜ ነው ያጣው።»

ጋሽ በራሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። ተስፋዬ ትከሻቸውን ያዘ። ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ግቢ» አሉኝ። «እንዳይዘገይብሽ።»

ገባሁ። ጉልበቴን ወደ ሆዴ፣ አገጬን ወደ ደረቴ። የደሙን ብልቃጥ ሲያሽጉት ራሴ አየሁት።

ውጤቱ ሲመጣ መስመሮቹ በጀርባዬ ፈሳሽ ውስጥ ታዩ፤ በደሜ ውስጥ አልታዩም። ከነጠብጣቦቹና ከታሪኬ ጋር ሲደመር ሐኪሟ ስሙን ያለ ጥርጥር ተናገረች። ሰው ክፉ ስም ሰምቶ ያመሰግናል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ አመስግኛለሁ። ስም የሌለውን ጠላት ሁሉም እንደፈለገ ይጠራዋል። ስሙን ካወቅሁት በኋላ ግን ማንም ሌላ ስም አላወጣለትም። አሁን በየጥቂት ወራት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እወስዳለሁ። አያድንም፤ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጥቃት አልመጣብኝም። ማታ ማታ ግራ እግሬ ይከብደኛል። ፀሐይ ስትበረታ እርጥብ ሻሽ አንገቴ ላይ አደርጋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ማይኩን ራሴ ጠየቅሁ። «ባለፈው ቆሜአለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬም ቆሜአለሁ» አልኩ። «በሽታዬ አልሄደም፤ ስም አለው፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። መድኃኒቱንም ሐኪሟንም የሰጠኝ ጌታ ይባረክ። ሞቆኝ ብወድቅ ወደ ጥላ ውሰዱኝ፤ ውጣ አትበሉብኝ።»

አሜን ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ብርቱካን ከሁሉ ጮክ ብላ አሜን አለችና ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።

ለምታነቡት የምለው ትንሽ ነው። ሄዶ የሚመለስ ድንዛዜ ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለባችሁ፣ ያለፈውንም ጭምር ለሐኪም ንገሩ፤ የተሻላችሁ ቢሆንም ንገሩ። ለዚህ ምርመራ ከጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድ ደምም አብሮ መወሰዱን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጸልዩ፤ ከዚያ ሂዱ።

ባለፈው የቡና ወቅት ጋሽ በራሶ ደወሉልኝ። ኢዲዶ በሚባል የገጠር መንደር አንዲት ወጣት እናት እግሯ እየከዳት ነው፤ ሐኪም ከጀርባዋ ፈሳሽ እንዲወሰድ አዟል፤ አባቷ «ልጄን አላስገድልም» ብሎ ቤት አስቀምጧታል።

«ይንገሯቸው እንጂ፣ ጋሼ።»

«ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። አንቺ ደግሞ ወሬ አትችዪም። መጥተሽ ተራመጂላቸው።»

ሄድኩ። ዳገቱን በሞተር አወጡኝ። ግቢው ውስጥ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሰዎች ዙሪያውን ከበው መጥፎውን ፍሬ ይለቅማሉ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። አባትየው ሰላም ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሁለት ጊዜ ቀድተዋታል» አሉት ጋሽ በራሶ።

ከደጃፉ ተነስቼ እስከ እንሰቱ ጥግ ሄድኩ። ግራ እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ፤ አልደበቅሁትም። እዚያ ዞሬ ተመለስኩ። ቡና የሚለቅሙት እጃቸውን አቁመው ያዩኛል። አባትየው ፊቴን አላየም፤ እግሬን ብቻ ያያል።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት።